ሙቀት የአሲድን ሥራ እንዴት እንደሚያፋጥን የታወቀበት ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ የተፈጥሮን ምሥጢር ለማወቅ ያደረገው ትግልም የራሱ ታሪክ አለው፤ በዚያም ውስጥ ድልም ሽንፈትም፥ መዘንጋትም መታወስም ይገኛል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እንድንጽፍ ዕድል በተሰጠን ጊዜ፥ እኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ አንዱን መርጠን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ተነሣን።

የመረጥነው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ ዚንክ በውሃ በተበረዘ አሲድ ውስጥ ሲጣል አረፋ ያወጣል፤ አሲዱ ሲሞቅ አረፋው ይበረታል፥ ሲቀዘቅዝ ይለዝባል። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ይሁን እንጂ «ሙቀት ያፋጥናል» ከማለት ተነሥቶ «ምን ያህል ያፋጥናል? ስለ ምንስ ያፋጥናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሁሉ የሚያየው ነገር ለመታወቅ ይህን ያህል ዘመን ለምን አስፈለገው? ጽሑፋችን የሚመልሰው ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች

በ1671 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሊቅ ሮበርት ቦይል በሞረድ የተፋቀ የብረት ብናኝ በአሲድ ውስጥ ጨምሮ የሆነውን ሁሉ ጻፈ። ድብልቁ በጣም ጋለ፤ የሚከረፋ ጢስ በብዛት ወጣ፤ ጢሱም እሳት ሲቀርብለት ተቀጣጠለ። ያ ጢስ በአብዛኛው ሃይድሮጅን እንደ ነበረ ዛሬ እናውቃለን። ሃይድሮጅን ራሱ ሽታ የለውም፤ ክርፋቱ የመጣው በብረቱ ውስጥ ከነበረው ባዕድ ነገር ነው። ቦይል ሙቀቱን ልብ ማለቱን እናስተውል። ነገር ግን እርሱ የጻፈው አሲዱና ብረቱ ሙቀት መፍጠራቸውን ነው እንጂ፥ ሙቀቱ በተራው ሥራውን ምን ያህል እንዳፋጠነው አልመረመረም። ሐሳቡ ያረፈው በሚቃጠለው ጢስ ላይ ነበር።

ከዚያ 95 ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1766 ዓ.ም. ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለው ዝምተኛ እንግሊዛዊ ስለዚሁ ተቀጣጣይ ጋዝ ጥንቃቄ የተሞላበት ጽሑፍ አወጣ። ካቨንዲሽ በሦስት ብረታ ብረቶች፥ ማለት በዚንክ፥ በብረትና በቆርቆሮ ማዕድን በቲን ሠራ። ዚንክ በአሲድ ውስጥ እጅግ ፈጥኖ እንደሚሟሟና ብዙ ሙቀት እንደሚሰጥ፥ ብረት ከዚንክ እንደሚዘገይ ጻፈ። ስለ ቲን የጻፈው ደግሞ ለእኛ ርእስ እጅግ የሚጠቅም ነው። ቲን በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቀዝቃዛ ሳለ የማይሟሟ ያህል ነበር፤ በመጠኑ ሲሞቅ ግን ቀስ እያለ ተሟሟ። በብርቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ደግሞ በቀዝቃዛው ዝግ ብሎ፥ በሙቀት እርዳታ ግን ደኅና ፈጥኖ ተሟሟ።

እንግዲህ ካቨንዲሽ ሙቀት የአሲድን ሥራ እንደሚያፋጥን በግልጥ አይቷል። ከዚህም በላይ ከአንድ የተወሰነ ክብደት ዚንክ የሚገኘው ጋዝ፥ አሲዱ ቢበረታም ቢደክምም መጠኑ አንድ መሆኑን በልኬት አረጋግጧል። ይህም ታላቅ ትምህርት ነው፤ የሚገኘው ነገር ብዛት ሌላ፥ የሚገኝበት ፍጥነት ሌላ መሆኑን ያሳያልና። ይሁን እንጂ ካቨንዲሽ ጋዙን በትክክል ሲለካ፥ ፍጥነቱን ግን «ዝግ ብሎ» «ደኅና ፈጥኖ» በሚሉ ቃላት ብቻ አለፈው። በአንድ በኩል ሚዛንና መስፈሪያ ነበረው፤ በሌላው በኩል ግን ሰዓትና ቴርሞሜትር አንድ ላይ አልቆሙም።

በፓሪስ የተሞላው ፊኛ

የዚህ ጉድለት ዋጋ ከቤተ ሙከራ ውጭ በአደባባይ የታየው በ1783 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዣክ ሻርል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ አስተማሪ ከሮቤር ወንድማማቾች ጋር ሆኖ፥ በሃይድሮጅን የሚንሳፈፍ ፊኛ ሠራ። ፊኛው 35 ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ነበር። ይህን ለመሙላት ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ቁርጥራጭ ብረትና ወደ ሩብ ቶን የሚጠጋ ሰልፈሪክ አሲድ አስፈለገ።

በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚሠራ ነገር በበርሜል ሲሠራ ጠባዩ ይለወጣል። በትንሽ ብርጭቆ የሚወጣው ሙቀት ቶሎ ወደ አየር ይበተናል፤ በበርሜል የተከማቸው ግን መውጫ አጥቶ አሲዱን ያግለዋል፥ የጋለውም አሲድ ብረቱን ይበልጥ ፈጥኖ ይበላል፥ ይህም ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ወደ ፊኛው ይገባ የነበረውም ጋዝ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳያልፍ በእርሳስ ቧንቧ በቀጥታ ስለ መጣ ትኩስ ነበር፤ በፊኛው ውስጥ ሲቀዘቅዝም እየተኮማተረ አሞላሉን እጅግ አስቸጋሪ አደረገው። ሥራው ቀናት ከፈጀ በኋላ፥ ኦገስት 27 ቀን 1783 ዓ.ም. ፊኛው ከፓሪስ ተነሥቶ ለ45 ደቂቃ ያህል በረረ፤ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆም ጎነስ በተባለ መንደር ወረደ። የመንደሩም ገበሬዎች ከሰማይ የወረደውን ይህን ፍጥረት በመንሽና በቢላዋ ወግተው ቀዳደዱት ይባላል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ ሻርል ራሱ ከሮቤር ወንድማማቾች አንዱን ይዞ በሌላ ትልቅ የሃይድሮጅን ፊኛ ወደ ሰማይ ወጣ።

ይህ ድንቅ ሥራ ለአየር በረራ ታሪክ ታላቅ በር ከፍቷል። ለእኛ ርእስ ግን የሚሰጠው ትምህርት ሌላ ነው፤ ሰዎች ብረትንና አሲድን ለታላቅ ሥራ ማዋል ሲችሉ፥ ሥራው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚነግራቸው ሕግ ገና አልነበራቸውም።

የቬንትሰል አንዲት ሐረግ

በእርግጥ ከፊኛው 6 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ወደ ሕጉ ተጠግቶ ነበር። ይኸውም በዛክሰን ግዛት የሚኖረው ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪሽ ቬንትሰል ነው። ቬንትሰል በ1777 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ብረታ ብረት በአሲድ የሚሟሟበትን ጊዜ መረመረ። የደረሰበትም ሐሳብ ይህ ነው፤ አንድ አሲድ የተወሰነ ክብደት ያለውን መዳብ ወይም ዚንክ በአንድ ሰዓት የሚያሟሟ ከሆነ፥ ኃይሉ በግማሽ የቀነሰ አሲድ ያንኑ ለማሟሟት ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው የብረታ ብረቱ የላይ ገጽ ስፋትና ሙቀቱ በሁለቱም ዘንድ እኩል ሲሆን ነው።

«ሙቀቱ እኩል ሲሆን» የምትለውን ሐረግ ልብ እንበል። በዚህች ሐረግ ቬንትሰል ሙቀት ፍጥነትን እንደሚለውጥ ማወቁን ገልጿል፤ ባያውቅ ኖሮ እኩል ይሁን ባላለም ነበር። ሆኖም ሙቀትን እንደ አንድ አስቸጋሪ እንግዳ ከቤት ውጭ አስቀምጦ ስለ አሲዱ ብርታት ብቻ ተናገረ። እንዲህ ማድረጉ ትክክል ነበር፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲለዋወጥ የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልምና። የሚያሳዝነው ግን ውጭ የቀረውን እንግዳ ለማስገባት የሚነሣ ሰው ለረዥም ዘመን አለመገኘቱ ነው።

ብረታ ብረት ለምን አስቸገረ?

አንባቢ «ታዲያ ቴርሞሜትር እያለ፥ ሰዓት እያለ፥ ዚንክና አሲድ እያለ ምን አገዳቸው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብረታ ብረትና አሲድ ለዓይን ቀላል፥ ለልኬት ግን ከባድ መሆናቸው ነው። ምክንያቶቹም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ለውጡ ራሱ ሙቀት ያወጣል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጀመረ ሙከራ በ20 ዲግሪ አይጨርስም፤ ሲሠራ እየሞቀ፥ ሲሞቅም እየፈጠነ ይሄዳልና «ይህ ፍጥነት የየትኛው ሙቀት ነው?» ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛ፥ አሲድ ብረታ ብረቱን የሚበላው ከላይ ገጹ ጀምሮ ነው። ገጹም እየተቦረቦረ ይሄዳል፤ ቁራጩ ሲያንስ ገጹ ያንሳል፥ ሲሻክር ደግሞ ይሰፋል። በላዩ ላይ የሚጣበቀውም አረፋ አሲዱ እንዳይደርስበት ይከልለዋል።

ሦስተኛ፥ የብረታ ብረቱ ንጽሕና ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። በ1830 ዓ.ም. የጄኔቫው ሊቅ ኦገስት ደ ላ ሪቭ ንጹሕ ዚንክ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በጣም ዝግ ብሎ እንደሚሟሟ፥ ሌላ ብረታ ብረት የተቀላቀለበት የገበያ ዚንክ ግን ፈጥኖ እንደሚሟሟ አሳየ። የተቀላቀለው ባዕድ ከዚንኩ ጋር ሆኖ እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባትሪ ስለሚሠራ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በአንድ ሙቀት፥ በአንድ ዓይነት አሲድ ሠርተው፥ ዚንካቸውን ከተለያየ ነጋዴ ስለ ገዙ ብቻ የተለያየ መልስ ማግኘት ይችሉ ነበር።

በዚህ ምክንያት ሁሉ የሚያየው ብረትና አሲድ ሕጉን ለመግለጥ አልቻለም። ሕጉ የተገኘው አረፋ ከሌለበት፥ ከማይጮኽና ከማይታይ ለውጥ ነው፤ ይኸውም ከስኳር።

ስኳር፥ ሰዓትና ቴርሞሜትር

በ1850 ዓ.ም. ሉድቪሽ ቪልሄልሚ የተባለ ጀርመናዊ የሸንኮራ ስኳር በውሃ አሟሙቶ አሲድ ጨመረበት። አሲዱ ስኳሩን ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ዓይነት ስኳር ይከፍለዋል። ይህ ለውጥ ለዓይን ባይታይም ልዩ በሆነ ብርሃን ይታወቃል፤ ስኳሩ ሲከፈል በፈሳሹ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን የሚዞርበት አቅጣጫ ይለወጣልና። ስለዚህ ቪልሄልሚ ድብልቁን ሳይነካ፥ በመሣሪያው እያየ፥ በየደቂቃው ምን ያህል ስኳር እንደ ቀረ ለማወቅ ቻለ። የላይ ገጽ የለም፥ አረፋ የለም፥ ከመጠን ያለፈ ሙቀትም የለም። የለውጡም ፍጥነት ገና ሳይለወጥ በቀረው ስኳር መጠን ልክ መሆኑን በሒሳብ ጻፈ፤ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚያድግም መረመረ።

ይህን የመሰለ ሥራ ግን በጊዜው ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ቪልሄልሚ በ1864 ዓ.ም. ሲሞት የሥራውን ክብር አላየም። ጽሑፉን ከተረሳበት አንሥቶ ለዓለም ያስታወቀው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው፤ ይህም በ1884 ዓ.ም. ገደማ፥ ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚህ መካከል በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ኦገስተስ ቨርነን ሃርኮርትና የሒሳብ ሊቁ ዊልያም ኤሰን በ1860ዎቹ ዓመታት የለውጥን ፍጥነት በሰዓት እየለኩ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ስለ ሙቀት ያደረጉትን ጥናት ለብዙ ዓመታት አላቋረጡም። በመጨረሻም በ1912 ዓ.ም. ከልኬታቸው ተነሥተው፥ የለውጥ ፍጥነት ፈጽሞ የሚቆምበትን ቅዝቃዜ በሒሳብ ቢፈልጉ ከዜሮ በታች 272.6 ዲግሪ ሆኖ አገኙት። በፊዚክስ ፍጹም ዜሮ የሚባለው ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ነው። ከብርጭቆ ውስጥ የተነሣ ስሌት ወደዚህ ታላቅ ቁጥር ይህን ያህል መቅረቡ ያስደንቃል።

የቫንት ሆፍና የአሬኒየስ ሕግ

በ1884 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ስለ ኬሚካል ለውጥ ፍጥነት የሚናገር ዝነኛ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ሙቀትና ፍጥነት የሚገናኙበትን ሒሳብ አቀረበ፤ ብዙ ለውጦችም ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚያድግ ተገነዘበ። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የምናነበው «የ10 ዲግሪ እጥፍ» የሚባለው ልማድ ከዚህ የመጣ ነው።

«ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ተገኘ። «ስለ ምን?» የሚለውን ግን ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 ዓ.ም. መለሰ። አሬኒየስ ለማስረጃ የወሰደው ያንኑ የስኳርና የአሲድ ለውጥ ነበር። ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በራሳችን ቁጥር እናስረዳ።

ፈሳሽም ጋዝም የተሠሩት ዘወትር ከሚሯሯጡ ሞሌኪዩሎች ነው። ሙቀት ማለትም የእነዚህ ሩጫ ነው። ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ብናሞቅ፥ በፍጹም ሙቀት ስንቆጥረው ከ293 ወደ 303 አደግን ማለት ነው፤ የሞሌኪዩሎቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም፥ 1.7 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሞሌኪዩሎቹ ፈጥነው ስለሚጋጩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ለውጡ ከመቶ 2 ያህል ብቻ በፈጠነ ነበር። በተግባር የሚታየው ግን ከመቶ 100 ነው፤ እጥፍ! ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

የአሬኒየስ መልስ እንዲህ ነው። ከሞሌኪዩሎቹ ሁሉ ለለውጥ የሚበቁት ከአንድ ከተወሰነ ልክ በላይ ኃይል ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ይህን ሐሳብ ከእርሱ በፊት የኦስትሪያው ሊቅ ሌኦፖልድ ፕፋውንድለር በ1867 ዓ.ም. ጠቁሞት ነበር፤ አሬኒየስ ግን በልኬትና በሒሳብ አጸናው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እናቅርበው። በሁለት መንደሮች መካከል አንድ ብርቱ አቀበት ቢኖርና ከሺህ መንገደኛ ሸክሙን ይዞ አቀበቱን ለመውጣት የሚችለው አንድ ብቻ ቢሆን፥ ወዲያ ማዶ ገበያ የሚደርሰው አንድ ሰው ነው። የሁሉም ጉልበት በጥቂቱ ቢጨምር፥ ሜዳ ላይ ሲሄዱ ያየ ሰው ለውጡን አያስተውለውም። ነገር ግን አቀበቱ ሥር ደርሰው «ጥቂት ብቻ ቀረኝ» እያሉ ይመለሱ ከነበሩት አንዱ አሁን ይሻገራል፤ ስለዚህ ገበያ የሚደርሱት ሁለት ሆኑ፥ እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ የሁሉን ሩጫ በጥቂቱ፥ አቀበቱን የሚሻገሩትን ቁጥር ግን በብዙ ይጨምራል። ይህም አቀበት «ለውጥ አስጀማሪ ኃይል» ይባላል። አቀበቱ ሲረዝም ሙቀት የሚያመጣው ልዩነት ይበዛል፤ አጭር ሲሆን ያንሳል።

ስለ አሬኒየስ አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አይገባንም። ይህ ሊቅ በ1884 ዓ.ም. በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ያቀረበው ጽሑፍ የተሰጠው ማዕረግ ዝቅተኛ ነበር። ከዚያ የተነሣው ሐሳብ ግን፥ ማለት ጨውና አሲድ በውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወዳላቸው ክፍሎች ይከፋፈላሉ የሚለው ትምህርት፥ በ1903 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ቫንት ሆፍም በ1901 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አሲድ በብረታ ብረት ላይ የሚሠራውን ሥራ የምንረዳውም በዚሁ በአሬኒየስ ትምህርት ነው፤ በአሲድ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ክፍሎች ከብረታ ብረቱ ኤሌክትሮን ይወስዱና ጥንድ ጥንድ ሆነው በአረፋ መልክ ይወጣሉ።

ወደ ብረታ ብረት መመለስ

ሕጉ ከስኳር ከተገኘ በኋላ ሊቃውንት ወደ ቀድሞው እንቆቅልሽ፥ ወደ ብረታ ብረትና አሲድ ተመለሱ። በ1904 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስትና ኤሪክ ብሩነር፥ ጠጣር ነገር በፈሳሽ ሲሟሟ በጠጣሩ ገጽ ላይ የማይናወጥ ስስ የፈሳሽ ሽፋን እንዳለ አስተማሩ። በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለው አሲድ ሲያልቅ፥ አዲሱ አሲድ ሽፋኑን ሰርጎ እስኪደርስ ብረታ ብረቱ ይጠብቃል። ለውጡ በጣም ፈጣን ከሆነ እንግዲህ የሚያዘገየው አቀበቱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ታላቅ ጥቅም አለው። በክፍላችን የማግኒዚየም ጥብጣብ በተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጥለን ተሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ በሰዓት ስንቆጥር፥ «በ10 ዲግሪ እጥፍ» የሚለውን ደንብ በልባችን ይዘን እንቀርባለን። ነገር ግን ማግኒዚየም በአሲድ ላይ እጅግ ፈጣን በመሆኑ፥ የአሲዱ ሰርጎ መድረስ በፍጥነቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሰርጎ መድረስ ደግሞ በ10 ዲግሪ የሚፈጥነው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ከእጥፍ በታች የሆነ ቁጥር ያገኘ ተማሪ ደብተሩን ሰርዞ እጥፍ እንዲሆን ማስተካከል አይገባውም። ያገኘው ቁጥር ብረታ ብረቱ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል።

ሙከራውንም በትክክል ለመሥራት ታሪኩ ራሱ ያስተምረናል። የጥብጣቡ ርዝመት እኩል ይሁን፤ ይህ የቬንትሰል ትምህርት ነው። ጥብጣቡ በአሸዋ ወረቀት ይጸዳ፤ ይህ የደ ላ ሪቭ ትምህርት ነው። አሲዱ በርከት ብሎ ብርጭቆው በውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፥ ለውጡ በሚያወጣው ሙቀት እንዳይታለል፤ ይህ በፓሪስ የተሞላው ፊኛ ትምህርት ነው። ቴርሞሜትሩም ከሙከራው በፊትም በኋላም ይነበብ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነውና እሳት ከአጠገቡ ይራቅ፤ አሲድ ሲበረዝም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመር።

ጥቅሙና አደጋው

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። ቤታችንን የምንከድንበት ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብረቱ 450 ዲግሪ ያህል በጋለ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ዝገቱ በአሲድ ገንዳ ይታጠባል። ገንዳው ከቀዘቀዘ ሥራው ይጓተታል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ አሲዱ ዝገቱን ጨርሶ ደኅናውን ብረት መብላት ይጀምራል። ስለዚህ የገንዳው ጠባቂ ቴርሞሜትሩን የሚያየው ለይምሰል አይደለም።

አደጋውም እንደዚሁ እውነተኛ ነው። ሙቀት ለውጥን ያፋጥናል፥ የፈጠነ ለውጥ ሙቀት ይወልዳል፥ ያም ሙቀት እንደገና ያፋጥናል። ሙቀቱን የሚያወጣ ማቀዝቀዣ ከሌለ መጨረሻው ፍንዳታ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በፍሎሪዳ በጃክሰንቪል ከተማ በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ፥ በሶዲየም ብረታ ብረት የሚሠራበት ታላቅ ጋን ማቀዝቀዣው ባለመሥራቱ ሙቀቱ ከቁጥጥር ወጥቶ ፈነዳ፤ 4 ሰዎች ሞቱ፥ 32 ሰዎችም ቆሰሉ። የአሬኒየስ ሕግ ለፈተና ብቻ የሚጠና ቢመስለን ይህን እናስታውስ።

ከፋብሪካም ወጥተን ወደ ጓዳችን ብንገባ ያንኑ ሕግ እናገኘዋለን። በቆላ አገር የእንጀራ ሊጥ ቶሎ ይቦካል፥ በደጋ ይዘገያል፤ በብርድ ወራት እናቶቻችን ቡሖቃውን ሸፍነው ሙቀት ወዳለበት ማስጠጋታቸው ይህን ከማወቅ የተነሣ ነው። እርግጥ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ከልክ ያለፈ ሙቀት ይገድለዋል፤ በዚህ ከብረትና ከአሲድ ይለያል። ባቄላና ሽምብራም በከፍተኛ ቦታ ቶሎ አለመብሰላቸው የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት፥ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ አይግልም። እሳት የጨመረ ሰው ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ባቄላውን ቶሎ አያበስለውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅነውን መልሰን እንመልከት። ሁሉ የሚያየው ነገር ለመታወቅ 200 ዓመት ለምን አስፈለገው? ማየት ብቻውን ማወቅ ስላልሆነ ነው። ቦይል አየ፥ ካቨንዲሽ አየ፥ ቬንትሰል አይቶ «ሙቀቱ እኩል ሲሆን» አለ። ዕውቀቱ የተገኘው ግን አንድ ሰው ሰዓትና ቴርሞሜትር ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ ብዙ ሰው ከሚያደንቀው አረፋ ይልቅ ጸጥ ያለውን የስኳር ውሃ መርጦ በትዕግሥት የቆጠረ ጊዜ ነው። ያም ሰው ምስጋናውን ሳያገኝ አለፈ፤ ቁጥሩ ግን ቀርቶ ለተከታዮቹ መንገድ ሆነ።

ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚያው ላቦራቶሪ ያንኑ ጥብጣብ በዚያው ዓይነት አሲድ ውስጥ ይጥላሉ። አረፋውን አይተው እንዳያልፉ፥ ሙቀቱን እንዲያነቡ፥ ደቂቃውን እንዲቆጥሩ፥ ያገኙትንም ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ባይስማማ እንኳ ሳይለውጡ እንዲጽፉ አደራ እንላለን።